በብዙ ራውተሮች ላይ የትራፊክ ቅድሚያን ማስከበር፦ ስልክና ስብሰባ የማይቆራረጥበት ቅንብር ደረጃ በደረጃ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ከአንድ በላይ ራውተር ባለበት ቢሮ ለስልክና ለቪዲዮ ስብሰባ ቅድሚያ ሰጥተው ለውጥ ላላዩ የኔትወርክ ባለሙያዎች ነው። አብዛኛውን ጊዜ ስህተቱ የሚፈጠረው በትእዛዝ አጻጻፍ ሳይሆን በቦታ አመራረጥ ነው። ቅድሚያ ትርጉም የሚኖረው ፓኬቶች (ዳታው ተከፋፍሎ የሚላክባቸው ጥቅሎች) ወረፋ በሚይዙበት ስፍራ ብቻ ስለሆነ፣ ወረፋው ቴሌ ባስገባው የፋይበር ሳጥን ውስጥ እየተጠራቀመ ቅድሚያውን ከሳጥኑ ኋላ ባለው ራውተር ላይ መጻፍ፣ ተሳፋሪ በሌለበት ፌርማታ ተራ አስከባሪ እንደ ማቆም ይቆጠራል። እኔም በአንድ ወቅት ሦስት ራውተሮች ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ደንብ ስጽፍ ከቆየሁ በኋላ ነው አንዳቸውም ላይ ወረፋ እንደሌለ ያየሁት።

ስለዚህ ሥራው በሁለት ይከፈላል። መጀመሪያ ወረፋውን በራስዎ ቁጥጥር ሥር ወዳለ አንድ ራውተር ያመጣሉ፤ ቀጥሎ ሌሎቹ መሣሪያዎች ሁሉ በአንድ የጋራ ምልክት እንዲግባቡ ያደርጋሉ።

ለምሳሌነት የምንይዘው ይህን አቀማመጥ ነው፦ ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ሆኖ 20 ሜጋቢት መስመር፣ አንድ ዋና ራውተርና በሁለት ፎቆች ላይ አንዳንድ የዋይፋይ ራውተር አለው፤ አዳማ ያለው ቅርንጫፍ ደግሞ 6 ሜጋቢት መስመርና አንድ ራውተር ይዞ በቪፒኤን ታነል (በኢንተርኔት ውስጥ በተዘረጋ የግል መተላለፊያ) ከዋናው ጋር ይገናኛል። የስልክ ማዞሪያው ያለው በዋናው መሥሪያ ቤት ነው። ዋናውና የቅርንጫፉ ራውተር በራውተር ኦኤስ 7 የሚሠሩ ማይክሮቲክ ናቸው፤ የሌላ ድርጅት ምርት ያላቸው የምናሌዎቹን ስም ብቻ ይለውጡ፣ ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

ከመጀመርዎ በፊት

የሁሉንም ራውተሮችና ስዊቾች ቅንብር ባክአፕ ያድርጉና ፋይሉን ከመሣሪያው አውጥተው በኮምፒውተርዎ ላይ ያስቀምጡ። ራውተሩ ውስጥ ብቻ የተቀመጠ ባክአፕ ራውተሩ ሲበላሽ አብሮ ይጠፋል።

ሥራውን ከሥራ ሰዓት ውጭ ይያዙ። በቅርንጫፉ በኩል ቢያንስ መሰኪያ ነቅሎ መልሶ መሰካት የሚችል ሰው በስልክ መስመር ላይ ይኑር፤ ያ ሰው የሚደውልልዎ በሞባይል እንጂ ሊነኩት ባለው ኔትወርክ ላይ በሚሠራ ስልክ እንዳይሆን ይጠንቀቁ። ማይክሮቲክ ላይ ማንኛውንም ለውጥ ከመጀመርዎ በፊት ሴፍ ሞድን ያብሩ፤ ግንኙነትዎ በመሐል ከተቋረጠ ራውተሩ ያደረጉትን ለውጥ በራሱ ይመልሰዋል። ሥራው ሲጠናቀቅ ግን ሴፍ ሞድን በሥርዓት ማጥፋት አይርሱ፤ አለበለዚያ ዊንዶውን ዝም ብለው ሲዘጉት የሠሩት ሁሉ ይሰረዛል።

ደረጃ 1፦ ጠባቦቹን ቦታዎች ይለዩ

1. ወረቀት ላይ ከአንድ የጠረጴዛ ስልክ ተነሥተው እስከ ኢንተርኔቱ፣ ከቅርንጫፉ ስልክ ደግሞ እስከ ማዞሪያው ያለውን መንገድ መሣሪያ በመሣሪያ ይሳሉ።
2. በእያንዳንዱ መገናኛ ላይ ፍጥነቱን ይጻፉ። በራውተርና በስዊች መካከል 1000፣ በራውተርና በፋይበር ሳጥኑ መካከል 1000፣ ከሳጥኑ ወደ ውጭ 20፣ በቅርንጫፉ 6 ሜጋቢት ይሆናል።
3. ከፍ ካለ ፍጥነት ወደ ዝቅተኛ የሚወረድባቸውን ነጥቦች በቀይ ያክብቡ። ወረፋ የሚፈጠረው እዚያ ነው።

በምሳሌያችን ቀይ ክብ የሚያርፍባቸው ስፍራዎች የዋናው መስመር መውጫና መግቢያ፣ የቅርንጫፉ መስመር መውጫና መግቢያ እንዲሁም የዋይፋይ አየሩ ናቸው። በፎቆቹ መካከል ባለው ገመድ ላይ ወረፋ የለም፤ ስለዚህ በፎቅ ራውተሮች ላይ የፍጥነት ገደብ መጻፍ ጊዜ ማባከን ብቻ ሳይሆን የኋላ ኋላ ችግር ሲፈልጉ የሚያደናግር ነው።

ደረጃ 2፦ መስመሩን ይለኩ

ውሉ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይጠቀሙ። በገመድ የተገናኘ አንድ ኮምፒውተር ብቻ አስቀርተው ሌላውን ሁሉ ያላቅቁ፤ የዳውንሎድና የአፕሎድ ፍጥነትን በጠዋት፣ በቀትርና በምሽት ቢያንስ ሦስት ሦስት ጊዜ ለክተው ዝቅተኛውን ይመዝግቡ። በዚያው ሰዓት ወደ አንድ የታወቀ የውጭ አድራሻ፣ ለምሳሌ ወደ 8.8.8.8፣ ፒንግ (የመልስ ጊዜ የሚለካበት አጭር መልእክት) እየላኩ መስመሩ ባዶ ሲሆንና ሲጨናነቅ የሚያሳየውን መዘግየት ለየብቻ ይጻፉ። ይህ ሁለተኛው ልኬት ኋላ ላይ ሥራዎ መሳካቱን የሚያሳይዎ ብቸኛ ማስረጃ ስለሆነ አይዝለሉት።

የዋናው መሥሪያ ቤት ዝቅተኛ ልኬት 19 ለዳውንሎድ፣ 18 ለአፕሎድ ሆነ እንበል። ከዚህ ወደ 10 በመቶ ቀንሰው 17 እና 16 ይያዙ። ለቅርንጫፉ በሁለቱም አቅጣጫ 5.6 ከተገኘ 5 ይያዙ።

ያለዎትን ፍጥነት ሆን ብሎ መቀነስ ብዙዎችን ስለሚያስቆጣ ምክንያቱን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። የፋይበር ሳጥኑ 1 ሜጋባይት የሚይዝ ማጠራቀሚያ ቢኖረው፣ ያ 8 ሜጋቢት ማለት ነው፤ በ18 ሜጋቢት መስመር ላይ ያን ለማራገፍ 0.44 ሰከንድ ይፈጅበታል። አንድ ሠራተኛ ትልቅ ፋይል ሲልክ ማጠራቀሚያው ይሞላል፣ ከኋላው የመጣችው የድምፅ ፓኬትም ይህን ያህል ጊዜ ትቆማለች። በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ምክር መሠረት ለጥሩ ንግግር የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊሰከንድ ባይበልጥ ይመረጣል። ራውተርዎ ከሳጥኑ በትንሹ ቀስ ብሎ ከላከ ግን የሳጥኑ ማጠራቀሚያ ባዶ እንደሆነ ይቀራል፤ ወረፋው ወደ እርስዎ ራውተር ይመጣል፤ ማን እንደሚቀድም የሚወስኑትም እርስዎ ይሆናሉ። የሚከፍሉት ዋጋ 2 ሜጋቢት ገደማ ነው።

ደረጃ 3፦ ድርብ ናትን ያስወግዱ

የፎቅ ራውተሮቹ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ናት (የብዙ መሣሪያዎችን አድራሻ በአንድ አድራሻ መተካት) የሚሠሩ ከሆነ፣ ዋናው ራውተር አንድን ፎቅ ሙሉ እንደ አንድ አድራሻ ብቻ ያየዋል። ስልኩን ከላፕቶፑ፣ ሥራ አስኪያጁን ከእንግዳው መለየት አይችልም። ስለዚህ የፎቅ ራውተሮቹን ወደ አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ ብቻ ወደሚያሠራጭ መሣሪያ) ይለውጡ፤ ቅደም ተከተሉን አያፋልሱ፦

1. በፎቅ ራውተሩ ላይ መጀመሪያ ዲኤችሲፒ ሰርቨሩን (ለመሣሪያዎች አድራሻ የሚያድለውን አገልግሎት) ያጥፉ።
2. የራውተሩን የውስጥ አድራሻ በዋናው ራውተር መረብ ውስጥ ወዳለ፣ ማንም ወዳልያዘው ቋሚ አድራሻ ይለውጡ፤ ለምሳሌ ዋናው 192.168.10.1 ከሆነ የመጀመሪያው ፎቅ 192.168.10.2 ይሁን። ይህን አድራሻ ዋናው ራውተር በዲኤችሲፒ ከሚያድለው ክልል ውጭ ያድርጉት።
3. ከዚህ በኋላ ብቻ ከዋናው የመጣውን ገመድ ከዋን (የውጭ) ፖርት ነቅለው ከላን (የውስጥ) ፖርቶች በአንዱ ላይ ይሰኩ።

ገመዱን አስቀድመው ካዛወሩ ሁለት የዲኤችሲፒ ሰርቨሮች በአንድ መረብ ላይ ይሻማሉ፤ ግማሹ ሠራተኛ የተሳሳተ ጌትዌይ (የመውጫ ራውተር አድራሻ) ይደርሰዋል። ይህ ከደረሰ ገመዱን ወደ ቀድሞው ቦታ መልሰው፣ የተሳሳተ አድራሻ የያዙትን ኮምፒውተሮች አላቅቀው መልሰው ያገናኙና ከቁጥር 1 ይጀምሩ።

የጠረጴዛ ስልኮችንና ማዞሪያውን በራሳቸው ቪላን (በዚያው ገመድ ላይ ተለይቶ የሚሠራ መረብ) እና አድራሻ ላይ ያስቀምጡ፤ በምሳሌያችን 192.168.50.0/24 ነው። ስልክን በአድራሻው መለየት ከፖርት ቁጥር ማሳደድ እጅግ የቀለለና የማያሳስት ነው።

ደረጃ 4፦ መደቦቹን በወረቀት ላይ ይወስኑ

በሁሉም መሣሪያዎች ዘንድ የጋራ ቋንቋ የሚሆነው በእያንዳንዱ የአይፒ ፓኬት ራስጌ ላይ ያለው ዲኤስሲፒ የተባለው ቁጥር ነው። ስፋቱ 6 ቢት በመሆኑ ከ0 እስከ 63 ያሉ ዋጋዎችን ይይዛል። ከአራት መደብ በላይ አያስፈልግዎትም፤ ስምንት መደብ የከፈተ ሰው ስምንቱንም መከታተል ሲያቅተው አይቻለሁ።

1. ድምፅ፦ ዲኤስሲፒ 46።
2. ስብሰባ፦ ዲኤስሲፒ 34።
3. መደበኛ ሥራ፦ ዲኤስሲፒ 0።
4. የኋላ ሥራ፣ ማለትም ባክአፕ፣ ትልልቅ ዳውንሎድና የመሳሰለው፦ ዲኤስሲፒ 8።

የድምፅን ድርሻ በግምት ሳይሆን በስሌት ያውጡ። ጂ.711 የተባለው የድምፅ ኮዴክ (ድምፅን ወደ ዳታ የሚለውጥ ዘዴ) በየ20 ሚሊሰከንዱ አንድ ፓኬት፣ በሰከንድ 50 ፓኬት ይልካል። እያንዳንዱ ፓኬት 160 ባይት ድምፅና 40 ባይት ራስጌ ስላለው በአንድ አቅጣጫ 80 ኪሎቢት ይሆናል፤ በተመሰጠረ ታነል ውስጥ ሲያልፍ የታነሉ ራስጌ ስለሚጨመርበት ከ110 ኪሎቢት ሊበልጥ ይችላል። በአንድ ጊዜ 8 ጥሪ የሚደረግ ከሆነ 1 ሜጋቢት ይበቃል።

ደረጃ 5፦ በዋናው ራውተር ላይ ምልክት ይለጥፉ

ከሁሉ አስቀድሞ በፋየርዎሉ የፊልተር ሠንጠረዥ ውስጥ ያለውን የፋስትትራክ (ፓኬቶችን በአቋራጭ የሚያሳልፍ) ደንብ ያሰናክሉ። ፋስትትራክ ያለፈባቸው ፓኬቶች ማንግልን (ምልክት የሚለጠፍበትን የደንብ ሠንጠረዥ) ስለማይነኩ ምልክት አይለጠፍባቸውም፤ ከዚህ በታች የሚጽፉት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ማሰናከሉ የራውተሩን ሲፒዩ ስለሚያደክም ከለውጡ በፊትና በኋላ የሲፒዩ ጫናውን ይመልከቱ።

በመቀጠል በማንግል ውስጥ ደንቦቹን በዚህ ተራ ይጻፉ። ማንግል ከላይ ወደ ታች ስለሚነበብ ተራው ሲዛባ ውጤቱ ይዛባል።

1. ማጽዳት። በፎርዋርድ ቼይን (በራውተሩ በኩል ለሚያልፉ ፓኬቶች የተመደበ የደንብ ዝርዝር) ላይ፣ በኢንተርኔት ኢንተርፌሱ (መገናኛው) የሚገባውንና ከተራ ኮምፒውተሮች አድራሻ የሚነሣውን ፓኬት ሁሉ ዲኤስሲፒውን ወደ 0 ይለውጡ። ይህን ካላደረጉ በገዛ ኮምፒውተሩ ላይ 46 ብሎ የለጠፈ ማንኛውም ፕሮግራም ከስልኮቹ ጋር እኩል ይሰለፋል። ከስልኮቹ ቪላንና ከቅርንጫፉ ታነል የሚመጣውን ግን አይንኩ፤ ቅርንጫፉ በራሱ ራውተር ላይ ያጸዳዋል።

2. ግንኙነቱን መለየት። የኮኔክሽን ማርክ ደንቦችን ይጻፉ። ምንጩ ወይም መድረሻው የስልኮቹ አድራሻ የሆነ የዩዲፒ (መድረሱን ሳያረጋግጥ የሚልክ ዘዴ) ግንኙነት «ድምፅ» ይባል። ለስብሰባ የመድረሻ ፖርቶቹን ይያዙ፤ ዙም ዩዲፒ ከ8801 እስከ 8810፣ ማይክሮሶፍት ቲምስ ዩዲፒ ከ3478 እስከ 3481፣ ጉግል ሚት ዩዲፒ 3478 እና ከ19305 እስከ 19309 ይጠቀማሉ። የቀረውን ሁሉ «መደበኛ» ይበሉት። በመጨረሻም «መደበኛ» ሆኖ በአንድ የቲሲፒ (መድረሱን እያረጋገጠ የሚልክ ዘዴ) ግንኙነት ከ20 ሜጋባይት በላይ የተጓዘበትን፣ በኮኔክሽን ባይትስ ማጣሪያ ለይተው ወደ «የኋላ ሥራ» ይለውጡት። ይህ የመጨረሻው ደንብ በእኔ ግምት ከሁሉም በላይ የሚጠቅም ነው፤ ማን ምን እንደሚያወርድ ሳይመረምሩ ግዙፉን ዳውንሎድ ብቻ ወደ ኋላ ይገፋል።

3. ዲኤስሲፒ መጻፍ። የኮኔክሽን ማርኩን እያዩ 46፣ 34 ወይም 8 ይጻፉ። ማርኩ በግንኙነቱ ላይ ስለሆነ የሚሄደውም የሚመለሰውም ፓኬት ምልክቱን ያገኛል። ከኢንተርኔት የሚመጡ ፓኬቶች በመንገድ ላይ ምልክታቸው ተገፍፎ የሚደርሱ ስለሚበዙ፣ ዳውንሎድን በተመለከተ ከዚህ ሌላ አስተማማኝ መንገድ የለም።

4. ለወረፋው ማዘጋጀት። በፖስትራውቲንግ ቼይን (ፓኬቱ ሊወጣ ሲል የሚነበብ የደንብ ዝርዝር) ላይ ዲኤስሲፒውን እያነበቡ የፓኬት ማርክ ይስጡ። ለአፕሎድ መውጫው የኢንተርኔት ኢንተርፌስ የሆነውን፣ ለዳውንሎድ ደግሞ በኢንተርኔት በኩል ገብቶ በውስጥ ብሪጅ (የውስጥ ፖርቶቹን በሚያጣምረው መገናኛ) የሚወጣውን ብቻ ይምረጡ፤ በቪላኖች መካከል የሚዘዋወረው የውስጥ ትራፊክ እንዳይታሰርብዎ ነው። «መደበኛ» ለሆነውም የፓኬት ማርክ ይስጡት። ምልክት የሌለው ፓኬት በኪዩ ትሪ (ወላጅና ልጅ እየሆኑ በተደራጁ ወረፋዎች) ውስጥ የሚያርፍበት ቦታ ስለማያገኝ ገደቡን አልፎ ይሄዳል፣ ስሌትዎንም ያበላሻል።

ፓስትሩ (ፓኬቱ ወደ ቀጣዩ ደንብ ይለፍ) የሚለውን ምርጫ ከ1 እስከ 3 ባሉት ደንቦች ላይ ክፍት፣ በ4ኛው ላይ ዝግ ያድርጉት። ይህን ጨርሰው ወደ ሚቀጥለው ደረጃ ከማለፍዎ በፊት በየደንቡ ፊት ያለውን ቆጣሪ ይመልከቱ፤ ስልክ ተደውሎ የ«ድምፅ» ቆጣሪ ካልተንቀሳቀሰ እዚሁ ቆመው ያስተካክሉ።

ደረጃ 6፦ ወረፋውን ይገንቡ

በኪዩ ትሪ ውስጥ ሁለት ወላጅ ኪዩዎች ይክፈቱ። የአፕሎዱ ፓረንት የኢንተርኔት ኢንተርፌስ ሆኖ ማክስ ሊሚቱ (የፍጥነት ጣሪያው) 16 ሜጋቢት፣ የዳውንሎዱ ፓረንት የውስጥ ብሪጅ ሆኖ ማክስ ሊሚቱ 17 ሜጋቢት ይሁን። መስመሩ በፒፒፒኦኢ (በስምና በይለፍ ቃል በሚከፈት ግንኙነት) የሚገናኝ ከሆነ ፓረንት መሆን ያለበት የፒፒፒኦኢ ኢንተርፌሱ እንጂ አካላዊው ኤተርኔት ፖርት አይደለም።

በአፕሎዱ ሥር አራቱን ልጆች እንዲህ ይጻፉ፦

1. ድምፅ፦ ሊሚት አት 1፣ ማክስ ሊሚት 3 ሜጋቢት፣ ፕራዮሪቲ 1።
2. ስብሰባ፦ ሊሚት አት 6፣ ማክስ ሊሚት 12፣ ፕራዮሪቲ 3።
3. መደበኛ፦ ሊሚት አት 7፣ ማክስ ሊሚት 16፣ ፕራዮሪቲ 5።
4. የኋላ ሥራ፦ ሊሚት አት 1፣ ማክስ ሊሚት 16፣ ፕራዮሪቲ 8።

በዳውንሎዱ ሥር ያንኑ ይድገሙና 16 የሚለውን በ17 ይተኩ።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን ልብ ይበሉ። በማይክሮቲክ 1 ከፍተኛው፣ 8 ዝቅተኛው ቅድሚያ ነው፤ ቁጥሩ ሲበልጥ ቅድሚያው የሚበልጥ የሚመስላቸው ብዙዎች ስለሆኑ ባክአፑን የስብሰባው አለቃ አድርገውት ያገኟቸዋል። ሁለተኛ፣ ፕራዮሪቲ የሚሠራው በልጆቹ ኪዩዎች ላይ እንጂ በወላጁ ላይ አይደለም፤ ወላጁ ማክስ ሊሚት ከሌለውም ወረፋ አይኖርም፣ ቅድሚያውም አይኖርም። ሦስተኛ፣ የልጆቹ የሊሚት አት ድምር ከወላጁ ማክስ ሊሚት አይብለጥ። የእኛ ድምር 15 ነው። ሊሚት አት ለሁሉም መደብ የተረጋገጠ ድርሻ ስለሆነ አስቀድሞ ይታደላል፤ ፕራዮሪቲ የሚያገለግለው የተረፈውን ለማከፋፈል ነው። ለዚህም ነው የኋላ ሥራ እንኳ 1 ሜጋቢት የተተወለት፤ ምንም ካልተውለት ባክአፑ በጊዜ ገደብ ይቋረጥና ደግሞ ከዜሮ ይጀምራል።

የኪዩ ዓይነትን በተመለከተ ለ«ድምፅ» ተራ ወረፋ፣ ለሌሎቹ ሦስቱ ኤፍኪው ኮዴል ይምረጡ። ኤፍኪው ኮዴል በአንድ መደብ ውስጥ ያሉ ግንኙነቶችን እያፈራረቀ ስለሚያስተናግድ፣ በፖርት ቁጥር ሊያጠምዷቸው የሚያስቸግሩት የሞባይል መተግበሪያ ጥሪዎች እንኳ ከግዙፍ ፋይል ኋላ አይታፈኑም።

ኦፕን ደብሊውአርቲ (ነፃ የራውተር ሥርዓተ ክወና) የሚጠቀሙ ሰዎች ከዚህ ሁሉ ይልቅ ኬክ የተባለውን የወረፋ ዓይነት ዲፍሰርቭ 4 በሚለው አማራጭ ቢተክሉ ይቀላቸዋል፤ ዲኤስሲፒውን በራሱ አንብቦ በአራት መደብ ይከፍላል። የ16 እና የ17 ገደቡ ግን ለኬክም ግዴታ ነው።

ደረጃ 7፦ ቅርንጫፉንና ታነሉን ያገናኙ

በቅርንጫፉ ራውተር ላይ ደረጃ 5ንና 6ን በራሱ ቁጥሮች ይድገሙ፤ ወላጆቹ 5 ሜጋቢት፣ የድምፅ ሊሚት አት 0.5፣ የሌሎቹም በተመጣጣኝ ይሁኑ። አንድ ልዩነት አለ፤ የዳውንሎድ ወላጁ በኢንተርኔትም ሆነ በታነሉ ገብቶ በውስጥ ብሪጅ የሚወጣውን ሁሉ መያዝ ይኖርበታል፣ ሁለቱም የሚመጡት በዚያችው 6 ሜጋቢት መስመር ነውና።

ከዚያ ወደ ታነሉ ይለፉ። ፓኬት ታነል ውስጥ ሲገባ ሌላ የውጭ ራስጌ ይደረብበታል፤ የኢንተርኔት ኢንተርፌሱ ላይ ያለው ወረፋ የሚያነበው ይህን የውጩን ራስጌ ነው። ጂአርኢ፣ አይፒሴክና ዋየርጋርድ የታነል ዓይነቶች ናቸው። በጂአርኢ ታነል ቅንብር ውስጥ ዲኤስሲፒ የሚለው ቦታ «ኢንሄሪት» (ከውስጡ ይውረስ) መሆኑን ያረጋግጡ፤ የውስጡ 46 ወደ ውጭው ይገለበጣል። አይፒሴክ በታነል ሞድ ሲሠራም እንዲሁ ይገለብጣል። ዋየርጋርድ ግን በንድፉ የውስጡን ዲኤስሲፒ ወደ ውጭ አያወጣም፤ ስልኩም ፋይሉም ከውጭ ሲታዩ አንድ ዓይነት 0 ይሆናሉ። ዋየርጋርድን መተው ካልፈለጉ፣ ፓኬቶቹ ከመመስጠራቸው በፊት እንዲለዩ ሌላ ኪዩ ትሪ በራሱ በዋየርጋርድ ኢንተርፌስ ላይ ይትከሉ፤ የተመሰጠረውን የዋየርጋርድ ዩዲፒ ትራፊክ ደግሞ በኢንተርኔት ኢንተርፌሱ ላይ በቂ ሊሚት አት ላለው አንድ መደብ ይስጡት።

ቀጥሎ ያለው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ዋናው መሥሪያ ቤት በ16 ሜጋቢት ሲልክ ቅርንጫፉ የሚቀበለው በ5.6 ነው። ትርፉ የሚጠራቀመው በአገልግሎት ሰጪው በኩል፣ እጅዎ በማይደርስበት ስፍራ ነው። ስለዚህ በዋናው ራውተር ላይ ከታነሉ ኢንተርፌስ የሚወጣውን፣ ቅርንጫፉ ለቀጥታ ኢንተርኔት የሚፈልገውን ትተው፣ በምሳሌያችን 4 ሜጋቢት ላይ ይገድቡ፤ በሥሩም ያንኑ አራት መደብ ይክፈቱ። የሩቁ ጠባብ መንገድ የሚጠበቀው ከላኪው በኩል ነው።

መመሪያው ከዋናው ራውተር ቢጀምርም፣ ሥራውን ሁልጊዜ ከሩቁ ራውተር ይጀምሩ። የዋናውን ቀድመው ቢያበላሹ ወደ አዳማ መድረሻም አይኖርዎትም።

ደረጃ 8፦ ስዊችና ዋይፋይ

በመንገዱ ላይ ማኔጅድ ስዊች (ቅንብሩ የሚለወጥ ስዊች) ካለ ዲኤስሲፒን እንዲያምን ያድርጉት። የቆዩ የሲስኮ ካታሊስት ስዊቾች፣ ለምሳሌ 2960፣ ኪውኦኤስ (የትራፊክ ቅድሚያ አሰጣጥ) ሲበራባቸው ሁሉንም ፖርት እንደማይታመን ቆጥረው ዲኤስሲፒውን ወደ 0 ይመልሱታል፤ ወደ ራውተሮችና ወደ ስልኮች በሚሄዱት ፖርቶች ላይ የትረስት ትእዛዙን ይጻፉ። ይህን ለማድረግ ካልፈለጉ በስዊቹ ላይ ኪውኦኤስን ጨርሶ አያብሩት፤ ያኔ ምልክቱን ሳይነካ ያሳልፈዋል።

በዋይፋይ በኩል ደብሊውኤምኤም (የዋይፋይ ቅድሚያ አሰጣጥ) መብራቱን ያረጋግጡ። ደብሊውኤምኤም ድምፅ፣ ቪዲዮ፣ መደበኛና የኋላ የተባሉ አራት መደቦች ሲኖሩት፣ ብዙ መሣሪያዎች የዲኤስሲፒውን የላይኛ 3 ቢት ብቻ ወስደው ይመድባሉ። በዚህ አሠራር 46 ወደ 5 ይወርድና ድምፁ በቪዲዮ መደብ ውስጥ ያርፋል። የሚፈለገው 6 ነው። አክሰስ ፖይንቱ የምደባ ሠንጠረዥ ካለው 46ን ወደ 6 በእጅዎ ያዙሩት፤ ከሌለውና ስልኮቹ በገመድ ከሆኑ ይተዉት፣ ጉዳቱ ትንሽ ነው።

ደረጃ 9፦ ይፈትኑ

1. መስመሩ ባዶ እያለ ወደ 8.8.8.8 ፒንግ ያስጀምሩ።
2. ከሁለት ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ ትልቅ አፕሎድና ትልቅ ዳውንሎድ ያስነሡ፤ ቢያንስ ለ3 ደቂቃ ያቆዩት።
3. የፒንጉ ጭማሪ ከ30 ሚሊሰከንድ በታች ከሆነ ወረፋው በእጅዎ ገብቷል። በደረጃ 2 ከመዘገቡት ጋር ያወዳድሩት።
4. ጭነቱ ሳይቋረጥ ከቅርንጫፉ ወደ ዋናው ይደውሉና ሁለቱም ወገን እየተፈራረቁ ከ1 እስከ 20 ይቁጠሩ። የጠፋ ቁጥር የቱ አቅጣጫ እንደተበላሸ ይነግርዎታል።
5. ምልክቱ ሳይጠፋ መድረሱን ለማየት አይፐርፍ 3ን (የመስመር መፈተኛ ፕሮግራም) በቅርንጫፉና በዋናው መካከል በዩዲፒ ያስኪዱ፤ ከተራ ኮምፒውተር አድራሻ የተነሣን ምልክት ደረጃ 5 ወደ 0 ስለሚለውጠው ከስልኮቹ ቪላን ይሁን። የቲኦኤስ (ዲኤስሲፒውን የያዘው መስክ) ዋጋ ሲጠይቅዎ 46 ሳይሆን 184 ያስገቡ፤ መስኩ 8 ቢት ስለሆነ ዲኤስሲፒው በ4 ይባዛል።

ሲበላሽ

የፓኬት ማርክ ቆጣሪው ዜሮ ነው። ፋስትትራክ እንደገና በርቶ እንደሆነ ይመልከቱ። ከጠፋ፣ የኢንተርፌሱን ስም ይመርምሩ። ቀድመው የተከፈቱ ግንኙነቶች በቀድሞ ሁኔታቸው ስለሚቀጥሉ የኮኔክሽን ሠንጠረዡን ባዶ አድርገው እንደገና ይሞክሩ።

አፕሎድ ተስተካክሎ ዳውንሎድ አልተስተካከለም። ራውተርዎ የመጣን ፓኬት እንዳይመጣ ማድረግ አይችልም፤ የሚችለው በማዘግየትና በመጣል ላኪው እንዲቀዘቅዝ ማድረግ ነው። ስለዚህ ለዳውንሎድ የበለጠ ክፍተት ያስፈልጋል። ገደቡን በ5 በመቶ እየቀነሱ እንደገና ይፈትኑ፤ ከሦስት ቅነሳ በኋላ ለውጥ ከሌለ ችግሩ የገደብ አይደለም፣ ወደ ደረጃ 1 ካርታ ይመለሱ።

ሁሉም ነገር ዘገየ። መለኪያውን ያረጋግጡ፤ ሜጋቢት መጻፍ ሲገባ ኪሎቢት የመጻፍ ስህተት የተለመደ ነው። ቁጥሩ ትክክል ከሆነ የሲፒዩ ጫናውን ይመልከቱ። ወደ 100 በመቶ ከተጠጋ የማንግል ደንቦቹን ቁጥር ይቀንሱ፣ በተለይ በኮኔክሽን ባይትስ የሚሠራውን ለጊዜው ያጥፉ።

ድምፁ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይቆራረጣል። ከተቆራረጠበት ወገን ሳይሆን ከላኪው ወገን ይጀምሩ። አዳማ ያለው ሰው የአዲስ አበባውን ድምፅ በደንብ ካልሰማ መመርመር ያለበት የዋናው ራውተር የታነል ገደብና የታነሉ ኢንሄሪት ነው።

ቀን ሠርቶ ማታ ይበላሻል። መስመሩ ራሱ በምሽት እየጠበበ ነው። በምሽት እንደገና ይለኩና ገደቡን በዚያ ይተኩ፤ ልዩነቱ በጣም ሰፊ ከሆነ በራውተሩ ስኬጁለር የቀንና የማታ ሁለት ገደብ ማፈራረቅ ይቻላል።

ፋይበሩ ተቋርጦ ወደ ሞባይል ኢንተርኔት ሲዛወር ቅድሚያው ጠፋ። 16 ሜጋቢት የሚለው ገደብ የተጻፈው ለፋይበሩ ነው። ተጠባባቂው መስመር 5 ሜጋቢት ብቻ ከሆነ ገደቡ ፈጽሞ አይደረስበትም፤ ወረፋውም ተመልሶ ከእጅዎ ይወጣል። ለተጠባባቂው ኢንተርፌስ የራሱን ወላጅ ኪዩ በራሱ ልኬት ይክፈቱለት፤ በማንግል ውስጥም በዚያ ኢንተርፌስ የሚገባውና የሚወጣው እንዲካተት ያድርጉ። ዳውንሎዱ በሁለቱም ጊዜ በዚያው ብሪጅ ስለሚወጣ ግን ሁለት ወላጅ መክፈት አይበቃም፤ መስመሩ ሲቀየር የዳውንሎዱን ማክስ ሊሚት ከ17 ወደ ተጠባባቂው ቁጥር የሚያወርድ፣ ፋይበሩ ሲመለስም የሚመልሰው አጭር ስክሪፕት በኔትዎች (መስመሩ መሥራቱን በሚከታተለው የራውተሩ መገልገያ) ላይ ያያይዙ። ከዚያም የፋይበሩን ገመድ ሆን ብለው ነቅለው ደረጃ 9ን ከመጀመሪያው ያስኪዱ።